ይሉኝታን ተሻግሮ «አይሆንም» ማለት፦ ለክርስቲያን የተግባር መመሪያ

ሄሮድስ ወታደርም ወህኒ ቤትም በእጁ የነበረ ገዥ ነው። ማርቆስ እንደጻፈው መጥምቁ ዮሐንስን መግደል አሳዝኖታል (6፥26)። ግን መሐላውና አብረውት በማዕድ የተቀመጡት ሰዎች ይሉኝታ አስያዙት፤ አንዲት ልጅን «አይሆንም» ማለት አቅቶት ነቢይ አስገደለ። ሳኦልም ንጉሥ ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ፈርቼ ነው አለ (1ኛ ሳሙኤል 15፥24)። ጲላጦስ ጥፋት እንዳላገኘበት እያወቀ ለጩኸቱ ተሸነፈና እጁን ታጠበ። በአንጻሩ ዮሴፍ ባሪያ፣ ዳንኤልና ጓደኞቹ ደግሞ ምርኮኞች ነበሩ፤ አይሆንም ያሉት እነሱ ናቸው።

ድፍረቱ ከሥልጣን ወይም ከዕድሜ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ዳንኤል ወደ አለቃው ሄዶ ከመናገሩ በፊት በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ ቆርጦ ነበር (1፥8)። ጠያቂው ፊት ለፊት ቆሞ እያየዎት ያኔ ልወስን ካሉ ይሉኝታው ያሸንፍዎታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማንም ምንም ሳይጠይቅዎት በፊት የሚሠራ ነው።

ሳይጠየቁ በፊት

አንድ ወረቀት ይውሰዱና እስካሁን እሺ ያሉባቸውን ነገሮች ይጻፉ፦ ለእግዚአብሔር የሰጡት ጊዜ (ጸሎት፣ ቃሉን ማንበብ፣ የአምልኮ ቀን)፣ ትዳርና ልጆች ወይም ወላጆች፣ ሥራ ወይም ትምህርት፣ የተቀበሉት አገልግሎት። ከእያንዳንዱ አጠገብ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ያስቀምጡ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት እንቅልፍ ብቻውን 56ቱን ይወስዳል። ሰው ይህን ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍንና መንገድን ይዘላል። «የሁለት ሰዓት ስብሰባ ብቻ ነው» የተባለው አገልግሎት ከዝግጅቱ፣ ከመንገዱና ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆሞ ከሚወራው ጋር በቀላሉ አራት ሰዓት ይበላል። አራት ብለው ይጻፉት። የተረፈ ሰዓት ካለ ለአዲስ ጥያቄ መስጠት የሚችሉት እሱን ነው። ካልተረፈ ቀጣዩ እሺ ከተጻፉት ከአንዱ ላይ ይነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚነጠቀው ደግሞ ቅሬታ ከማያሰማው፣ ከልጅ ወይም ከጸሎት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄዎችን በሦስት መለየት ይልመዱ። አንደኛው ራሱ ኃጢአት የሆነ ነገር ነው፦ የሐሰት ምስክርነት፣ ያልተሠራውን ተሠርቷል ብሎ መፈረም፣ ጉቦ፣ ከትዳር ውጭ የሆነ ግንኙነት። እዚህ ላይ የማሰቢያ ጊዜ መጠየቅ ስሕተት ነው። ዮሴፍ ዕለት ዕለት ሲጠየቅ ዕለት ዕለት እምቢ አለ፤ ልብሱን ስትይዘው ደግሞ ክርክር አልጀመረም፣ ልብሱን ጥሎ ሸሸ።

ሁለተኛው መልካም ሆኖ ከአቅም በላይ የሆነ ወይም የእርስዎ ድርሻ ያልሆነ ነገር ነው። ጌታ ራሱ ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው እንዲነግርለት የለመነውን ሰው በላያችሁ ፈራጅና አካፋይ ማን አደረገኝ ብሎ መልሶታል (ሉቃስ 12፥14)። በቅፍርናሆምም በማለዳ ለብቻው ሲጸልይ ደቀ መዛሙርቱ አግኝተው «ሁሉ ይፈልጉሃል» ሲሉት ወደ ሌላ መንደር እንሂድ አለ (ማርቆስ 1፥35-38)። ፈላጊዎቹ ሕመምተኞቻቸውን ያመጡ እውነተኛ ችግረኞች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ሄደ። «ለሚለምንህ ስጥ» ያለውም እሱ ራሱ ነውና ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል።

ሦስተኛው መልካም ሆኖ በእጅ ያለ ነገር ነው። ምሳሌ 3፥27-28 ማድረግ እየቻልክ ባልንጀራህን «ሂድና ነገ ተመለስ» አትበለው ይላል። ይህን መመሪያ ከእንዲህ ያለው ለመሸሽ የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም፤ ለዚያ አልተጻፈም።

ነገሩ የሚበላሸው ሦስቱ ሲምታቱ ነው፦ በግልጽ የታዘዘውን «ልጸልይበት» እያልን እናዘገየዋለን፣ ሊጸለይበት የሚገባውን እዚያው ቆመን እሺ እንላለን።

ጥያቄው ሲመጣ

እስከ መጨረሻው ይስሙ። ገና ከጅምሩ «አይ፣ አይ» ማለት ጠያቂውን ያስቀይማል፤ ደግሞም የተጠየቁት እርስዎ እንደ ፈሩት ላይሆን ይችላል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በትክክል የሚፈለገው ምንድን ነው? እስከ መቼ? ከእኔ ሌላ ማን ሊያደርገው ይችላል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ነገሩን እዚያው ይፈታዋል፤ ጠያቂው ሌላ ሰው ጨርሶ አላሰበም ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ከሆነ ቀንና ሰዓት ቆርጠው ጊዜ ይውሰዱ፦ «ነገ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ።» ከወረቀትዎ ጋር ያገናዝቡ፣ ይጸልዩ፣ ባለትዳር ከሆኑ ይመካከሩ። ከዚያ እሱ ሳይደውል እርስዎ ይደውሉ። ዝም ብለው ከቆዩ በጠያቂው ልብ ውስጥ መልሱ እሺ ሆኖ ይመዘገባል። «እስቲ ልጸልይበት» ካሉ ደግሞ የምር ይጸልዩበት፤ የእግዚአብሔርን ስም ማምለጫ ማድረግ እምቢ ከማለት የባሰ ነው።

አነጋገሩ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሲከለክል ብዙ ጊዜ የሚለው እንዲህ ነው፦

«ውይ፣ ይቅርታ፣ እኔ እንኳን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቅዳሜ እንግዳ ይመጣብኛል መሰለኝ። እስቲ ከተመቸኝ አያለሁ።»

ይህ መልስ አራት ቦታ ላይ ያፈስሳል። «ደስ ይለኝ ነበር» ውሸት ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። «እንግዳ» የሚለው ምክንያት ሊፈታ የሚችል ችግር ነው፤ «እንግዳውን ሸኝተህ ና» ይሉዎታል፣ ያኔ ሁለተኛ ምክንያት መፍጠር ሊኖርብዎ ነው። «መሰለኝ» በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። «አያለሁ» ደግሞ በሰሚው ጆሮ እሺ ነው፤ ቅዳሜ ካልመጡ ቃልዎን ያጠፉት እርስዎ ይሆናሉ። ጌታ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ያለው (ማቴዎስ 5፥37) እንዲህ ያለውን ጭምር ይመለከታል።

የሚሠራው መልስ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ አልመጣም።» ለታላቅ ሰው፦ «ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ይህን ግን ልወስደው አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ከባዱ ይህ ዝምታ ነው። ሦስት አራት ሰከንድ አንድ ሰዓት ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው፣ ዝምታውን ለመሙላት ሲል «ግን ካስቸገራችሁ…» ይላል። ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ይተንፍሱና ጠያቂው ይናገር።

ምክንያት መናገር ኃጢአት አይደለም፤ ለቅርብ ሰው ይገባዋልም። ግን አንድና እውነተኛ ይሁን። ሦስት ምክንያት የደረደረ ሰው የሚመስለው አንዱም የሌለው ነው። «አልችልም» የሚለውን ደግሞ በእርግጥ ለማይችሉት ያስቀሩት። መሥራት እየቻሉ የማይሠሩትን ነገር «አልችልም» ካሉ ሰዎች እንዲችሉ ለመርዳት ይነሣሉ። ለምሳሌ በሐሰት ፈርሙ ለተባሉበት ወረቀት ቃሉ «አልፈርምም» ነው።

ጥቂቱን መስጠት የሚፈልጉ ከሆነ ልኩን ይቁረጡ፦ «ኮሚቴ ውስጥ አልገባም፤ ግን አርብ ማታ ወንበር በመደርደር ለአንድ ሰዓት አግዛለሁ።» ልኩ ያልተቆረጠ ግማሽ እሺ ሙሉ ሆኖ ይደርስብዎታል።

ሲደጋገም፣ ሲወራ፣ «ጌታ ተናገረኝ» ሲባል

ነህምያ ምዕራፍ 6 ላይ የግፊት ዓይነቶች በተራ ይመጣሉ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ተቃዋሚዎቹ ሰንባላጥና ጌሳም በኦኖ ቆላ እንገናኝ ብለው 4 ጊዜ ላኩበት፤ 4 ጊዜም አንድ ዓይነት መልስ ሰጣቸው፦ ታላቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ መውረድ አልችልም። ተደጋግሞ ስለ ተጠየቀ ምክንያት አልጨመረም። እርስዎም ሲወተወቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ይድገሙት፤ አዲስ ማብራሪያ አዲስ ድርድር ይከፍታል። በ5ኛው የተከፈተ ደብዳቤ መጣ፣ ልትነግሥ ታስባለህ ተብሎ እየተወራ ነው የሚል። መልሱ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ይህ አልሆነም፣ ከልብህ የፈጠርኸው ነው። ወሬውን ለማስተባበል ሥራውን ትቶ አልዞረም፤ ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

በመጨረሻ ሸማያ የተባለ ሰው በትንቢት ስም ሊገድሉህ ይመጣሉና መቅደስ ገብተን እንዘጋ አለው፤ ነህምያ ግን አልገባም። ይህ መንፈሳዊ ልብስ የለበሰ ግፊት ነው፤ አማኝን ከሁሉም በላይ የሚጥለውም እሱ ይመስለናል። በ1ኛ ነገሥት 13 ላይ ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው የንጉሡን ግብዣ ያለ ችግር እምቢ ብሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነቢይ ግን «መልአክ ተናገረኝ» ብሎ ሲዋሸው ተመለሰና በላ፤ ከዚያ ሲሄድ በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። ንጉሥ ያልጣለውን የመንፈሳዊ ሰው ቃል ጣለው። ስለዚህ «ጌታ አንተን አሳየኝ» ሲባሉ አይጣሉ፣ አይፍሩም፦ «መልእክቱን ሰምቻለሁ፤ እኔም እጸልይበታለሁ። ለእኔ ግልጽ እስኪሆንልኝ ድረስ ግን መልሴ ‹አይሆንም› ነው።» ሁሉን ፈትኑ ተብሏል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21)፤ መፈተን አለማክበር አይደለም።

አንዳንድ ለየት ያሉ ጉዳዮች

*ዋስትናና ብድር።* መጽሐፈ ምሳሌ በዚህ ላይ ለስላሳ አይደለም፤ ዋስ መሆንን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል (6፥1-5፣ 11፥15፣ 22፥26-27)። ፊርማዎ ሌላው ሰው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ማለት ስለሆነ፣ ሙሉውን ገንዘብ ነገ ቢጠየቁ ቤተሰብዎ ሳይጎዳ መክፈል ካልቻሉ አይፈርሙ። መርዳት ከፈለጉ ባይመለስ የማይቆጭዎትን ያህል ብቻ ስጦታ ብለው ይስጡ፦ «ዋስ አልሆንም፤ ይህችን ግን ውሰድ፣ አትመልስልኝም።» 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ እንጂ በግድ አይስጥ ይላልና የሚሰጡትን ልክ ጠያቂው ሳይሆን እርስዎ ይወስኑ።

*የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት።* ሐዋርያት የማዕድ አገልግሎቱን አንይዝም ሲሉ ጉዳዩን ችላ አላሉትም፤ ሕዝቡ ራሱ 7 ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ (የሐዋርያት ሥራ 6)። ገና ያልተቀበሉትን አገልግሎት ተተኪ ፈልጎ የማምጣት ዕዳ የለብዎትም። በእጅዎ ያለውን ሲለቁ ግን ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ ይስጡ፤ ቁልፉን፣ የስም ዝርዝሩንና የገንዘብ መዝገቡን በሰው ፊት ያስረክቡ።

*አለቃ ሐሰት ሲያዝ።* ዳንኤል አደባባይ ላይ አልጮኸም። መጀመሪያ አለቃውን ለመነ፤ እሱ ንጉሡን ስለ ፈራ ወደ መጋቢው ሄዶ የ10 ቀን የምግብ ሙከራ አቀረበ። ለብቻ ያናግሩ፣ ቀናውን አማራጭ ይዘው ይግቡ («በእውነተኛው ቁጥር ሪፖርቱን ዛሬ እጨርሳለሁ»)፣ የተባባሉትንም ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ዋጋ እንደማያስከፍል ግን ማንም ቃል ሊገባልዎት አይችልም። ናቡቴ ርስቱን አልሰጥም ስላለ ተገድሏል፤ ሦስቱ ወጣቶችም ያሉት ባያድነንም እንኳ አንሰግድም ነው።

*ጥቃት የሚፈሩ ከሆነ።* እምቢ ሲባል የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ ሰው ፊት ብቻዎን ቆመው ድፍረትዎን አይሞክሩ። መጀመሪያ ከዚያ ይውጡ፣ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ይድረሱ፣ ለሕግ ያሳውቁ። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ሸሽቶ ነው ያመለጠው።

ከተናገሩ በኋላ

ያን ዕለት ማታ ጸጸት የሚመስል ነገር ይመጣል። አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ የተላለፍኩት ትእዛዝ የቱ ነው? ካገኙት ንስሐ ይግቡና መልስዎን ይቀይሩ፤ «አልሄድም» ብሎ በኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ ቦታ የሄደው ልጅ «እሺ» ብሎ ከቀረው ይሻላል (ማቴዎስ 21፥28-31)። ትእዛዝ ካላገኙ ግን የከበደዎት የሰው ፊት መጥቆሩ ነው። ያን ማታ አይደውሉ፣ ማስተዛዘኛ መልእክትም አይላኩ። በሚቀጥለው ሲገናኙ ቀድመው ሰላም ይበሉ፤ ያ ይበቃል።

በይሉኝታ እሺ ብለው የገቡበት ነገር ካለ መሹለክ ሳይሆን መፈታት ይጠይቁ። ምሳሌ 6፥3 ለተያዘ ሰው የሚለው «ሂድ፣ ራስህን አዋርድና ባልንጀራህን ለምነው» ነው። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ወይም በአካል፣ ዛሬ ወይም ነገ፦ «እሺ ስልሽ አቅሜን አላየሁም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ ወር መጨረሻ በኋላ ልትለቂኝ ትችያለሽ?» ከለቀቀችዎት እስከዚያ ቀን ድረስ በደንብ ይሥሩት። ካለቀቀችዎትና ነገሩ ኃጢአት ካልሆነ፣ መዝሙረኛው የሚጎዳውንም ቢሆን ምሎ የማይከዳውን ሰው ያመሰግናልና የገቡበትን ይጨርሱ፤ ለሚቀጥለው ዙር የማይኖሩ መሆኑን ግን ዛሬውኑ ይንገሯት።