ኑድሉን ለብቻ፣ መረቁን በፔርሙዝ

ኮምቦልቻ ካለ የቻይና ኑድል ቤት ቁርስ አስጠቅልላችሁ ወደ ደሴ የምትወጡ ከሆነ፣ ኑድሉንና መረቁን አንድ ላይ አታስደርጉ። ኑድል ትኩስ መረቅ ውስጥ ሲቆይ ፈሳሹን እየመጠጠ ያብጣል፤ አቀበቱን ሳትጨርሱ ገንፎ ይሆናል። መረቁን በፔርሙዝ ተቀበሉ (በፌስታል ፈጽሞ!)፣ ኑድሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይታሽበት፤ ያለዚያ ተጣብቆ አንድ ድቡልቡል ይሆናል። ቤት ስትደርሱ መረቁን አፍልታችሁ ኑድሉን ለ30 ሰከንድ ብቻ ንከሩት።

ደረቁን ገዝታችሁ ደሴ ላይ የምትቀቅሉ ደግሞ፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው 1 ወይም 2 ደቂቃ ጨምሩ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እሳት ብትጨምሩ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም።

ከሁሉ በላይ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ስለ መረቁ ጠይቁ። «ሥጋ የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ከላይ ሥጋ አልተደረገበትም ማለት ነው፤ መረቁ የአጥንት፣ ሊጡም እንቁላል የገባበት ሊሆን ይችላል። ለጿሚ ሁለቱንም ለይቶ መጠየቅ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ የአሳማ ስብ መኖሩንም ጠይቁ። የላንዡ (የቻይና ከተማ ናት) የበሬ ሥጋ ኑድል ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ነው፤ ስሙ ብቻውን ግን ሥጋው ሐላል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።