ቆሞ የሚከርም መኪና ባትሪ እንዳይሞት

መኪናው ቢቆምም የማንቂያ ደወሉና ኮምፒውተሩ ከባትሪው መሳባቸውን አይተዉም። ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ባለ 12 ቮልቱን የሊድ አሲድ ባትሪ በቴስተር ይለኩት። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ ከ12.4 ከወረደ ግን ሳይውል ሳያድር ቻርጅ ይደረግ። ባዶውን በከረመ ባትሪ ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከጠና በኋላ ቻርጀር አያስለቅቀውም።

60 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ የ6 አምፔር ቻርጀር ይበቃል። የቻርጀሩን ቀይ ገመድ የባትሪው ፖዘቲቭ (+) ላይ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ ያስይዙ፤ ሶኬቱ መጨረሻ ይሰካ። ሲጨርሱ ግን መጀመሪያ የሚነቀለው ሶኬቱ ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል።

ለወራት ተሰክቶ የሚቆየው፣ ባትሪው ሲሞላ በራሱ ወደ 13.5 ቮልት ገደማ የሚወርድ ቻርጀር ብቻ ይሁን። ተራው ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።