ከአልጋ ሥር ያሉትን የኳስ ተጫዋች ፖስት ካርዶች እንዴት እናትርፋቸው

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሰው ሁለት እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳዋን የሚነካባት ሱቅ ነበረች። የመስኮቷ ሳንቃ ወደ ውጭ ሲወርድ መደርደሪያ ይሆናል። ከላይ ሲባጎ ተወጥሮ ፖስት ካርዶቹ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል፤ ሮናልዶ፣ ባቲስቱታ፣ ዚዳን፣ ከነሱ ቀጥሎ የህንድ ፊልም አክተሮች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል። ከማስቲካ ጋር የምትመጣዋ ትንሿ ስቲከር ስሙኒ፣ ፖስት ካርዱ አንድ ብር። ባለሱቁን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው።

እኔና ታላቅ ወንድሜ መሰብሰብ የጀመርነው በ1990 ዓ.ም.፣ የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል ነው። ሐምሌ 5 ቀን ዚዳን ብራዚል ላይ ሁለቱን በቴስታ ካስቆጠረ በኋላ፣ በማግስቱ ጋሼ ጋ ስንሄድ የዚዳን መቆንጠጫዎች ባዶአቸውን ነበሩ። በየትምህርት ቤቱ በር ፖስት ካርድ የሚቀያየሩት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ እኔ የምፈልገውን ለወንድሜ በጆሮው እነግረዋለሁ፣ እሱ ይደራደርልኛል። ያመጣውን ደብተር ላይ የምለጥፈው ግን እኔ ነበርኩ።

አሁን በአንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል እሠራለሁ። ወረቀት ስይዝ ነው የምውለው። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ፣ ዕቃ ሲያወጡ ያገኙትን የልጅነት ደብተር በፌስታል ይዘው እየመጡ «ይሄን ምን ላድርገው?» የሚሉኝ የድሮ ጎረቤቶች በዝተዋል። ለነሱ በቃል የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። በተለይ ላሚኔት አታስደርጉ። ይሄን የምለው በደረሰብኝ ነው። የካኑ ፖስት ካርድ ነበረኝ፤ በጥቅምት 1992 ዓ.ም. ቼልሲ ላይ ሦስት አግብቶ አርሰናልን ከ2 ለ 0 አስነስቶ 3 ለ 2 ያሸነፈ ጊዜ ወንድሜ በሁለት ባቲስቱታና በአንድ ሹከር ለውጦ ያመጣልኝ። ከዓመታት በኋላ እንዳይበላሽ ብዬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግሁት። ወረቀቱ የክረምት እርጥበት ይዞ ነበርና ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ አረፋ ሠራ፣ ቀይ ማሊያውም ወደ ቡናማ ሄደ። ላሚኔት ማለት በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ነው፤ አንዴ ከያዘ ወረቀቱን ሳይገነጥል አይለቅም። ስኮችም እንደዚያው ነው። የተቀደደውን በስኮች አትጠግኑ፤ ሙጫው በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ድሮ የተለጠፈ ስኮች ካለም ለመላጥ አትታገሉ፣ ተዉት።

ቀጥሎ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁና ያላችሁን ሁሉ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ለሁለት ክፈሉት፦ የውጭ ተጫዋች በአንድ ወገን፣ የኢትዮጵያ ተጫዋች በሌላ ወገን። ሁለተኛው ክምር ትንሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ሥራ ስትጀምሩ ከሱ ጀምሩ። ከጣሊያኗ ሞዴና የሚወጡት የፓኒኒ ስቲከሮች በብዙ አገር በብዛት ታትመዋል፤ የእናንተ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይገኛል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም የቡናን ተጫዋች ከጋዜጣ መሀል ቆርጣችሁ ያስቀመጣችኋት ቁራጭ ግን ምናልባት ብቸኛዋ ናት።

ጋሼ ይሄን ያውቅ ነበር። ከሲባጎው በስተኋላ፣ እጃችን የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በአራት ሚስማር ተመትቶ ነበር። ዋጋውን ስንጠይቅ «ይሄ አይሸጥም» ይላል፤ ከዚያ የጃንጥላውን ጫፍ እያስጠጋ ያስቆጥረናል። ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አምበሉ። ኢታሎ ቫሳሎ፣ ወንድሙ። መንግሥቱ ወርቁ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እዚሁ ስታዲየም፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ አንድ፣ 4 ለ 2፤ ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። እኔ የአፍሪካ ዋንጫን ታሪክ የተማርኩት ከዚያች ግድግዳ ነው። ሱቋ የተዘጋችው ሰፈሩ ከመፍረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፣ ፎቶውን ማን እንደወሰደው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ቁራጭ ካለ ዛሬውኑ ሚስማሩን ንቀሉለት፤ የሚዝግ ብረት ወረቀቱን ከቀዳዳው ዙሪያ ጀምሮ ይበላዋል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ከደብተር ላይ ማንሳት። እኛ ቤት የሚለጠፈው በሊጥ ነበር። እናቴ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ ታማስልልናለች። ይሄ ሙጫ አንድ መጥፎና አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። መጥፎው፣ በረሮና አይጥ ይወደዋል፤ የሮቤርቶ ካርሎስ ፖስት ካርዳችን ታችኛው ጥግ እስከ ዛሬ የለም። ጥሩው፣ በውሃ ይለቃል።

በመጀመሪያ ፎቶው ያለበትን የደብተር ገጽ ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ በመቀስ አውጡት። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ፎቶውን በፊቱ ድፉት። ከጀርባ ያለው የደብተር ወረቀት ላይ በብዕር የተጻፈ ነገር ካለ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቀለሙ ሊሮጥ ይችላል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ እስኪበቃው ጨምቁት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። ጨርቁን የደብተሩ ወረቀት ላይ ብቻ አኑሩና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ወረቀቱ ሲለሰልስ ከአንድ ጥግ በፕላስቲክ ማስመሪያ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። የሚላጠው ደብተሩ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም፤ ፎቶው ተኝቶ ይቆይ፣ እጃችሁ የሚጎትተው ደብተሩን ይሁን። እምቢ ካለ ጨርቁን መልሱበትና አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። ጀርባው ላይ የቀረውን ሊጥ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉ።

የሚያብለጨልጨውን ፊት ግን ውሃ አታስነኩ። አንጸባራቂ ወረቀት ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው፤ ሲርስ ራሱ ሙጫ ይሆናል። በክረምት ጣራ አፍስሶባቸው ፊት ለፊት የተጣበቁ ፖስት ካርዶች የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን እንደረጠቡ ካገኛችኋቸው ቶሎ ለያዩዋቸው። ደርቀው ተያይዘው ከሆነ ግን አትገንጥሏቸው።

ለማድረቅ ፎቶውን በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ወረቀቱን ቀይሩ፣ ከዚያ አሳድሩት። ካውያ የሚተኩሱበት ሰዎች አይቻለሁ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚያሰጡም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ፀሐዩ ቀለም ይበላል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀዩ ነው።

በሊጥ ሳይሆን በኮላ የተለጠፈ ከሆነ በዚህ ዘዴ አይነሳም። ገጹን እንዳለ ቆርጣችሁ ከነደብተሩ ወረቀት አስቀምጡት። እኔ የማስቲካ ስቲከሮቻችንን ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ከጸዱ በኋላ ዘመናቸውን ለዩ። ፖስት ካርዱ ላይ ዓመት አይጻፍም፣ ማሊያው ግን ይናገራል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምሰጣችሁ። የአርሰናል ማሊያ ደረት ላይ የስፖንሰሩ ስም ጄቪሲ ከሆነ ከ1999 በፊት ነው፤ ድሪምካስት ወይም ሴጋ ካለ ከ1999 እስከ 2002፤ ኦቱ ከሆነ እስከ 2006። ማንቸስተር ዩናይትድ ሻርፕን እስከ 2000 ለብሷል፣ ከዚያ ቮዳፎን እስከ 2006፣ ከዚያ ኤአይጂ። ሊቨርፑል አያግዛችሁም፣ ከ1992 እስከ 2010 ካርልስበርግ ነው። ብራዚል ላይ ከዓርማው በላይ ያሉትን ኮከቦች ቁጠሩ፦ አራት ከሆኑ ከ1994ቱ ዋንጫ በኋላ፣ አምስት ከሆኑ ከ2002 በኋላ። ፈረንሳይ ኮከብ ካላት ከ1998ቱ ዋንጫ በኋላ ነው። የኛ ዚዳን ኮከብ የለውም። ከፍጻሜው ማግስት አልቆብን ስንፈልገው የከረምነው ፖስት ካርድ ከዋንጫው በፊት የታተመ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ነው።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ አትዝለሉት። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁና ታሪኩን ጻፉበት። ፎቶው ጀርባ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ በፊቱ ይወጣል፣ ቀለሙም ይሰርጋል። ነጭ ኤፎር ወረቀት በፎቶው ልክ ቁረጡ፣ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ ከፎቶው ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ። ከየት ተገዛ፣ በስንት፣ ከማን ጋር በምን ተለወጠ፣ ያን ቀን ምን ነበር። የዚዳንን ፊት ዓለም ያውቀዋል፤ ዶሮ ማነቂያ በአንድ ብር መሸጡን፣ ብሩ የማን እንደነበር፣ ማን ቀምቶን ማን እንዳስመለሰልን የሚያውቀው ግን እኛ ብቻ ነን። ሱቋ የለችም፣ መንገዱም እንደዱሮው አይደለም። ያቺን ቁራጭ ካልጻፋችሁ ልጆቻችሁ እጅ የሚገባው ማንም የሚያገኘው የዚዳን ፎቶ ብቻ ነው። ያላስታወሳችሁትን ወንድም እህት፣ የሰፈር ልጅ፣ እናት አባት ጠይቁ። ውጭ ያሉትንም ደውሉላቸው፤ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩና «ይሄን ታስታውሰዋለህ?» በሉ። ወንድሜ በሌሊት ፈረቃ እረፍቱ ላይ ሆኖ አርባ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፣ እሱን ቁጭ ብዬ ወደ እርሳስ ገለበጥሁት።

ማስቀመጫውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሽታ ያለውና ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ ቀለም ይስባል፣ ይጣበቃል። ጠንከር ብሎ ሲነካ የሚንኮሻኮሸውን ግዙ፤ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለው ደህና ነው፣ 3 ካለው ተዉት። የጋዜጣ ቁራጭን ከፖስት ካርድ ጋር አታደባልቁ። የጋዜጣ ወረቀት እንጨቱ ብዙም ሳይጣራ ስለሚሠራ ቶሎ ይጠይማል፣ አጠገቡ ያለውንም ያጠይማል። ሁሉንም ነጭ ወረቀት የተነጠፈበት የካርቶን ሳጥን ውስጥ አኑሩ። ቆርቆሮ ሳጥን በክረምት ውስጡ ያልበዋል፤ የኛ ደብተር የተበላሸው አልጋ ሥር በነበረ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ከወለል ከፍ፣ ከውጭ ግድግዳ ራቅ ይበል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፣ እዚያ ክተቷቸው። ሳጥኑን ከፍቶ ለማናፈስ ጥሩው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ስካነር ካገኛችሁ ለትንንሾቹ ስቲከሮች ጥራቱን 600 ዲፒአይ አስደርጉ። በስልክ ከሆነ ፍላሹን አጥፉ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ሥር አስቀምጡ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ፊቱንም ጀርባውንም፣ ቁራጯንም።

የሮናልዶ ቁራጭ ላይ ዋጋውን «አንድ ብር» ብዬ ጽፌ ብሩን ከየት እንዳገኘነው ግን ማስታወስ አቅቶኝ ነበር። ወንድሜም አላስታወሰም። ባለፈው እሑድ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ፖስት ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ አየችው።

«ይሄማ የዳቦ መልስ ነው» አለችኝ። «አንድ ብር ጎደለ አላችሁኝ። ማታ ትራሳችሁ ሥር አየሁትና መልሼ አስቀመጥሁት።»

እርሳሱን አንስቼ ከዋጋው ሥር ጻፍኩት፦ «ከዳቦ መልስ። እማዬ ታውቅ ነበር።»