የወንበር ቦታ ሴንሰር መስመር ሲበላሽ፦ በምርመራ ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤር ባግ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል፤ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሲሰካ የሾፌሩን ወንበር ቦታ ሴንሰር መስመር የሚያመለክት የብልሽት ኮድ ወጥቷል። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ የተሳሳተው ጥገና የሰው ሕይወት በሚጠብቅ መሣሪያ ላይ ማረፉ ነው።

ሴንሰሩ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው። ሥራው ወንበሩ ለመሪው ቀርቧል ወይስ ርቋል የሚለውን ለኤር ባጉ ኮምፒውተር መንገር ነው። ባለሁለት ደረጃ ኤር ባግ ያላቸው መኪኖች ኤር ባጉ በምን ያህል ኃይል መነፋት እንዳለበት ሲወስኑ ይህን መረጃ ይጠቀማሉ፤ ሾፌሩ ተጠግቶ ከተቀመጠ ግፊቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ኤር ባጎች ለመሪው ተጠግተው የሚነዱ አጫጭር ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ እንዲሁም ከፊት የተቀመጡ ሕፃናትን ገድለዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ደንቧን አሻሽላ፣ ከ2003 መገባደጃ ጀምሮ በየደረጃው ተግባራዊ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዛሬም በሾፌሩ ደረትና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ይመክራል። ይህ መስመር ሲበላሽ በቅድሚያ የሚያሰጋው እንግዲህ ቁመቱ አጠር ላለው ሾፌር ነው።

ኮዱን የዕቃ ስም አድርጎ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶች ብዙ ጊዜ የሚወለዱት ከእሱ ነው። በቶዮታ መኪኖች ላይ ቢ1653 የሚለው ኮድ የሚናገረው በወንበር ቦታ ሴንሰሩ መስመር ላይ ችግር እንዳለ ነው። መስመር ማለት ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ከሴንሰሩ የሚወጡት ሽቦዎች፣ ከወንበሩ ሥር ያለው ሶኬት፣ በምንጣፉ ሥር የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል፣ ኮምፒውተሩ ጋ ያለው ሶኬትና ራሱ ኮምፒውተሩ ሁሉ በመስመሩ ውስጥ ናቸው። ኮዱ ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደተበላሸ አይናገርም።

ሴንሰሩ በውስጡ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው በቀላሉ አያረጅም። የሚያረጀው አብሮ የሚንቀሳቀሰው ሽቦ ነው። ሾፌር በተቀያየረ ቁጥር ወንበሩ ይገፋል፣ ይሳባል፤ ሽቦውም አብሮ ይታጠፋል። ከወንበሩ ሥር የተወረወረ የውኃ ጠርሙስ፣ ጃንጥላ ወይም የልጅ መጫወቻ ወንበሩ ሲሳብ ሶኬቱን ገፍቶ ያላላዋል። የወንበር ልብስ የሚያለብሱ ሰዎችም ላስቲኩን የሚያስሩበት ሲያጡ የሽቦውን ጥቅል እንደ ማሰሪያ የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። ላቫጆ ላይ ምንጣፍ በብዙ ውኃና አረፋ ሲታጠብ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ሶኬቱ ይገባና ከሳምንታት በኋላ የሶኬቱ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ይገኛሉ። ይህን ሁሉ በባትሪ መብራት ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጎንበስ ብሎ ሳያይ ሴንሰር እንዲገዛ ያዘዘ ባለሙያ ምርመራ አልጀመረም።

ኤር ባግን በማያነብ ስካነር መመርመር

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ስካነሮች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት የሞተርን ኮድ ብቻ ነው። የኤር ባጉን ኮምፒውተር ማናገር አይችሉም። ስለዚህ «ምንም ኮድ የለም» ብለው ሲመልሱ መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። መብራቱ በርቶ ስካነሩ ባዶ ካሳየ፣ የመኪናውን የኤር ባግ ክፍል የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ይፈልጉ።

ኮዱን ሳይመዘግቡ ማጥፋት

ኮዱ ምን እንደሆነ፣ አሁን ያለ ችግር ይሁን ቀድሞ ታይቶ የጠፋ፣ አብረውት የወጡት ሌሎች ኮዶች የትኞቹ እንደሆኑ ይጻፉ። አሁን ያለ ኮድ ከሆነ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈልጎ ለማግኘት ቀላል ነው። የቀድሞ ከሆነ ግን የሚመጣና የሚሄድ ግንኙነት መኖሩን ስለሚጠቁም የፍለጋው መንገድ ይለወጣል። ቸኩሎ የሚያጠፋ ሰው በእጁ የነበረውን ብቸኛ ፍንጭ ይጥላል።

ሦስት የተለያዩ ሴንሰሮችን ማምታታት

ከፊት ወንበሮች ሥር «የወንበር ሴንሰር» ተብለው በጅምላ የሚጠሩ ሦስት ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ እዚህ የምናወራለት፣ በሐዲዱ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው በተሳፋሪው ወንበር ውስጥ ሆኖ ሰው መቀመጡንና ክብደቱን የሚለየው ነው፤ የተሳፋሪው ኤር ባግ መጥፋቱን የሚያሳየው መብራት ከዚህኛው ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር የሾፌሩን ምርጫ እንዲያስታውስ የሚረዳው ነው፤ እሱ ቢበላሽ ወንበሩ ቦታውን ይረሳል እንጂ የኤር ባግ መብራት ሊያበራ አይገባም። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ኮዱ ስለ የትኛው እንደሚናገር ከመኪናው የጥገና መመሪያ ያረጋግጡ።

ባትሪውን ሳይነቅሉ እጅ ማስገባት

ከወንበሩ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች ሁሉ የሴንሰር አይደሉም። በወንበሩ ጎን ያለው ኤር ባግና ቀበቶውን የሚያጠብቀው ፈንጂ አዘል መሣሪያም በዚያው ያልፋሉ። ቁልፉን ያጥፉ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ ከዚያ ይጠብቁ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል። ኮምፒውተሩ በግጭት ወቅት ባትሪ ቢቋረጥበት እንኳ ኤር ባግ ማፈንዳት እንዲችል በውስጡ ኃይል አጠራቅሞ ስለሚይዝ ነው ጥበቃው ያስፈለገው።

አምፖል ያለው የኮረንቲ መፈተሻ እዚህ ቦታ የለውም። የኤር ባግንም ሆነ የቀበቶውን ማፈንጃ በቴስተር ኦም (የኮረንቲ መቋቋም) ለመለካት አይሞክሩ፤ ከቴስተሩ የሚወጣው ትንሽ ኃይል ሊያፈነዳው ይችላል። ባለሙያው የቱ ሶኬት የምን እንደሆነ በሥዕል ካላረጋገጠ አይንካ። ወንበሩ ወጥቶ ሳለም ቁልፍ አይክፈቱ፤ ቁልፉ በተከፈተ ጊዜ ኮምፒውተሩ የተነቀሉትን ሁሉ እንደ ብልሽት ይመዘግባቸውና አንድ ኮድ ይዞ የገባ መኪና አራት ኮድ ይዞ ይወጣል።

ሴንሰሩን በኦም መለካት

ብዙዎቹ የወንበር ቦታ ሴንሰሮች በማግኔት መስክ ለውጥ የሚሠሩ፣ ሆል የሚባሉ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰሮች ናቸው። እንደ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ አይከፍቱም፣ አይዘጉም። በተለመዱት ባለሁለት ሽቦ ሴንሰሮች ለውጡ የሚታየው በሚፈሰው ኮረንቲ ነው፤ በአንዱ ቦታ ከ5 እስከ 7 ሚሊ አምፔር፣ በሌላው ከ12 እስከ 17 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይሆናል። በኦም ለክቶ «ሞቷል» ማለትም ሆነ «ደኅና ነው» ማለት ትርጉም የለውም።

በኦም የሚለካው ሽቦው ነው፤ እሱም ባትሪው ተነቅሎ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሶኬቶች ከተለያዩ በኋላ። የቶዮታ መመሪያ መለኪያው ግልጽ ነው። አንዱን ጫፍ በሽቦ አገናኝተው ከሌላው ጫፍ ሲለኩ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ የተቆረጠ ወይም የላላ ነገር አለ። ሳያገናኙ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ሽቦና በማሳ (በመኪናው ብረት አካል) መካከል ሲለኩ 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ለዚህኛው ልኬት ብቻ ባትሪው ተመልሶ ቁልፍ ሲከፈት ደግሞ፣ ሶኬቶቹ እንደተለያዩ፣ በሽቦዎቹ ላይ ከ1 ቮልት በታች ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ ከታየ ከሌላ ሽቦ ኃይል እየገባ ነው። እነዚህ ካለፉ በኋላ ነው ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ የሚዞረው።

ስለ ቴስተሩ ጫፍ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። የሶኬቱ ሴቴ ጥርስ በጣም ቀጭን ናት። ወፍራሙን የቴስተር ጫፍ በግድ ሲያስገቡባት ከንፈሯ ይከፈታል፤ ሶኬቱ ተመልሶ ሲገጠም ወንዴውን አጥብቃ አትይዝም። ያን ቀን መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ይወጣል፤ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲደርስ እንደገና ይበራል። ቀጭን መለኪያ መርፌ ይጠቀሙ፣ ወይም ከሶኬቱ ጀርባ ይለኩ። የሽቦውን ልባስ በመርፌ መብሳትም እርጥበት የሚገባበት ቀዳዳ መክፈት ነው።

ወንበሩን አንድ ቦታ አቁሞ መመርመር

ሽቦው የሚቆረጠው ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ከሆነ፣ በቆመ ወንበር ላይ መለካት ብልሽቱን ይደብቃል። ቴስተሩ ተሰክቶ ሳለ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ይግፉት፣ ጥቅሉንም በእጅ ያወዛውዙት፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ቆም ይበሉ። ሁሉም ነገር ተገጥሞ ከሆነ ደግሞ የስካነሩን የቀጥታ መረጃ ይክፈቱ፤ ወንበሩ ሲገፋ «ፊት»፣ ሲሳብ «ኋላ» የሚል ለውጥ መታየት አለበት።

በናስትሮ መጠቅለልና ኮምፒውተሩን ማታለል

የተቆረጠውን ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በሚንቀሳቀስ ወንበር ሥር ዕድሜ የለውም። አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ በትክክለኛ መጭመቂያ ተገጣጥሞ በሙቀት በሚኮማተር ልባስ መታተም አለበት፤ ካልፈቀደ ጥቅሉ ይቀየር። አንዳንዱ ደግሞ በሴንሰሩ ቦታ ሬዚስተር ያስገባል፣ ወይም የዳሽቦርዱን አምፖል ይነቅላል። ይህን በምንም መንገድ አልቀበለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያንን መኪና የሚነዳ፣ ነገ የሚገዛ፣ አጠገቡ ልጁን የሚያስቀምጥ ሰው ምንም ማወቂያ የለውም። ጋራዡ አምፖል እንነቅላለን ካለዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ያገለገለ ወንበር ወይም ሴንሰር ሳያስተያዩ መግጠም

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗል፤ ያገለገለ ወንበር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መቀየርም የተለመደ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ወንበሮች አንዱ ሴንሰር ያለው፣ ሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት ወንበሩን ገልብጠው የሶኬቶቹን ቁጥርና የሴንሰሩን መለያ ቁጥር ከነባሩ ጋር ያስተያዩ። በግጭት የተጎዳ ወንበር ሐዲዱ ወይም የሴንሰሩ መያዣ የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል ይለፍዎት።

ሴንሰር ሲገጠም በእሱና በሐዲዱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ወሳኝ ነው። ለኮሮላና ለመሰሎቹ ቶዮታ የሚያዝዘው ባለ1 ሚሊ ሜትር የክፍተት መለኪያ መሃል አስገብቶ፣ ሴንሰሩን ወደ ሐዲዱ ገፍቶ ይዞ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። በዓይን ግምት የታሰረ ሴንሰር ጤነኛ ሆኖም የተሳሳተ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ከእጅ የወደቀ ሴንሰር ደግሞ መልሶ መግጠም አይፈቀድም።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱ ይጥፋና ቁልፉ ይከፈት። በቶዮታ የኤር ባጉ መብራት ለ6 ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሹኑ ካልበራ አምፖሉ ተነክቷልና ይጠይቁ። ከዚያ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር እየገፉ የቀጥታ መረጃውን ከባለሙያው ጋር ሆነው ይመልከቱ፤ መኪናውን በሻካራ መንገድ ላይ ነድተው ሲመለሱም ስካነሩ በድጋሚ ይሰካ።