በጃምፕ ስትሠሩ፦ ማክሮው ምን መለሰላችሁ?

ከጎጃም ገበያዎች ጤፍ የሚጭኑ መኪናዎችን በጁሊያ የፕሮግራም ቋንቋ እየደለደላችሁ ነው እንበል። በጃምፕ (የኦፕቲማይዜሽን ሞዴል መሥሪያ የጁሊያ ፓኬጅ) የቫሪያብል ማክሮ፣ ማለትም ቫሪያብል በሚፈጥረው ትእዛዝ፣ «ጭነት[1:3]» ብትሉ ተራ አሬይ፣ ከ1 ጀምሮ በተራ ቁጥር የሚጠራ ዝርዝር፣ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ «ገበያ = 1:3» ብላችሁ ቀጥሎ «ጭነት[ገበያ]» ብትሉ ግን የሚመለሰው ዴንስ አክሲስ አሬይ፣ በፈለጋችሁት ቁጥር ወይም ስም የሚጠራ ዝርዝር፣ ነው። «ያው 1፣ 2፣ 3 አይደል እንዴ?» የሚል ጀማሪ አያልቅም። ቁጥሩስ ያው ነው። ማክሮ ግን ኮዱ ከመሮጡ በፊት የተጻፈውን ያነባል፤ «1:» ተጽፎ ካየ ከአንድ እንደሚጀምር እርግጠኛ ይሆናል። «ገበያ» የሚል ስም ብቻ ካየ የሚደርሰው ተራ ሬንጅ (የቁጥር ተርታ) ነው፣ ያ ደግሞ ከ5ም ሊጀምር ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ማትሪክስ በ«ጭነት» ስታባዙ ኤረር ይወጣል፣ ሰውም ምንም ያላጠፋውን ማትሪክስ ሲመረምር ይውላል። ወይ «1:3»ን እዚያው ቅንፉ ውስጥ ጻፉ፣ ወይ በኮንቴይነር አማራጩ («container = Array») አሬይ ይሁን ብላችሁ እዘዙ። ማዘዙ ይሻላል፤ ከ1 የማይጀምር ነገር ከመጣ እዚያው መስመር ላይ ይጮኻል።

ይህን ሰምቶ ሁሉንም አሬይ ማድረግም አያዋጣም። «ጭነት["ቡሬ"]» እያለ «ጭነት[2]» ብሎ ሁለተኛዋ የትኛዋ ነበረች እያሉ መቁጠር ምን ይባላል?

«ጭነት[ሀ ∈ ከተማ, ለ ∈ ከተማ; ሀ != ለ]» ብላችሁ ቅድመ ሁኔታ ስታስገቡ ስፓርስ አክሲስ አሬይ፣ ሁኔታውን ያሟሉ ቁልፎችን ብቻ የሚይዝ፣ ይሆናል። እዚህ የሌለ ቁልፍ ዜሮ አይደለም፤ «ጭነት["ደጀን", "ደጀን"]» ብትጠይቁ ኤረር ነው። ሌላም አለ፦ ማክሮው ጥንዶቹን አንድ በአንድ እየፈተሸ ነው የሚጥለው። 1,000 መነሻና 1,000 መድረሻ ካላችሁ፣ መንገድ ያላቸው ጥቂት ቢሆኑም 1,000,000 ጊዜ ይፈትሻል። ያሉትን መንገዶች ብቻ፣ ("ደጀን", "ደብረ ማርቆስ")፣ ("ፍኖተ ሰላም", "ቡሬ") እያላችሁ በዝርዝር ያዙና «ጭነት[መንገዶች]» በሉ።

ውጤት ስታወጡ ከቫልዩ በኋላ ነጥቧን አትርሱ፣ «value.(ጭነት)» በሉ፤ ቫልዩ የሚሠራው በአንድ ቫሪያብል ላይ ነው፣ ነጥቧ ናት ለእያንዳንዱ የምታደርሰው።

በሉፕ ውስጥ በአንድ ሞዴል ላይ «ጭነት»ን ደጋግሞ መፍጠር አይቻልም፣ ስሙ ተመዝግቧል ይላችኋል። ስም የለሽ አድርጉት፦ ለማክሮው «[1:3]» ብቻ ሰጥታችሁ የሚመለሰውን በእኩል ምልክት ያዙ። ካልያዛችሁት ቫሪያብሎቹ ሞዴሉ ውስጥ ይገባሉ፣ እናንተ ግን በስም የምትጠሯቸው ነገር የላችሁም።