ድፎው ኩፍ አልል ሲል

የድፎ ሊጤ አድሮም ኩፍ አልል አለ። ተጋግሮ ሲቆረስ መሃሉ ቢላ ላይ ይጣበቃል።

እርሾ ጨመርኩ፤ ሽታው ብቻ ተለወጠ። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ ላዩ ደረቀ እንጂ ወይ ፍንክች። ዱቄት ቀየርኩ፤ ያው ነው።

በመጨረሻ ተከፍቶ የከረመውን ደረቅ እርሾ ለብቻው ፈተንኩት። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርሾ። ደህና እርሾ በ10 ደቂቃ አረፋ ይደፍቃል። የኔው ታች ዘቅጦ ቀረ። በቃ፣ ሞቷል።

የሠራው ከጎረቤት የተረፈ የዳቦ ሊጥ ነው። አንድ እፍኙን ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ 1 ኪሎ ዱቄት አቦካሁበት፤ ጥቁር አዝሙድም ጣል አደረግሁ (ያለሱ ድፎ አይሆንልኝም)። ጠዋት ክዳኑን ገፍቶት አገኘሁት። አሁን ከየቡኮው እፍኝ እያስቀረሁ ፍሪጅ አስቀምጣለሁ። ሳልጋግር ሳምንት ካለፈ ትንሽ ዱቄትና ውኃ እጨምርበታለሁ።