የጅቡቲ መስመር ረዳትን ለሹፌርነት እንዴት ማብቃት ይቻላል?

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነው። ባቡሩ ሥራ ቢጀምርም ብዙውን ጭነት የሚያነሳው ዛሬም ከባድ መኪና ነው። የመኪና ባለቤትም ሆኑ የስምሪት ኃላፊ፣ «ጥሩ ሹፌር ጠፋ» ከማለትዎ በፊት ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውን ረዳት ይዩት። ጎማ ሲፈታና ሸራ ሲያስር ዓመታት ያልፉበታል እንጂ በዕቅድ የሚያስተምረው የለም።

መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚመድቡት ይወስኑ። ቶሎ ደርሶ የሚመለስ ሹፌር ሁሉ ጥሩ አስተማሪ አይሆንም። ሰነድ የማይጎድልበትን፣ ረዳቱን የማያመናጭቀውን ይምረጡ፤ ለማስተማሩም ይክፈሉት። «ነገ በቦታዬ ሊተካኝ ነው» የሚል ስጋት ካለው ቁጭ ብለው ያነጋግሩት፤ ይህ ካልጠራ ሙያውን ይደብቃል።

ቀጥሎ ከመሪው በፊት ሰነድ ያስተምሩት። ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ላይ ኮንቴነሩ ሲጫን ረዳቱ በሩ ላይ ያለውን የኮንቴነር መለያ፣ 4 ፊደልና 7 አኃዝ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሹፌሩ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። በሩ የታሸገበትን የሲሉንም ቁጥር እንዲሁ። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። አንድ አኃዝ ከተዛባ መኪናው ጉምሩክ ላይ ይቆማል፤ ስህተቱን ለማረም ግን ወደብ ላይ መቆየት ይሻላል።

መኪናውን መፈተሽም የእሱ ሥራ ይሁን። በአፋር ሙቀት ጎማ ቶሎ ይጎዳል። ከጥንዶቹ ጎማዎች የውስጠኛው ቢተነፍስም ከውጭ አይታይም፤ ሸክሙን ሌላኛው ብቻውን ይይዝና እሱም ይፈነዳል። ስለዚህ በየማረፊያው እያንዳንዱን በብረት እያንኳኳ ድምፁን ይለይ። ዘይት፣ ውሃና መብራት ማየቱን አብዛኛው ረዳት ያውቀዋል።

መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ግን መሪ አይያዝ፤ ሹፌሩ ደከመኝ ቢልም። ደግሞስ ሹፌሩን ማን አደከመው? «የት ደረስክ?» እያሉ በየሰዓቱ ከደወሉ፣ ሰውየው እንቅልፉን በጫት እያባረረ ሌሊቱን ይነዳል፤ ረዳቱም ሥራው እንዲህ ነው ብሎ ይማራል። የስምሪት ፕሮግራሙ ላይ የመኝታ ሰዓት ይጻፉ፤ ደንበኛው ሲቆጣም መልሱን እርስዎ ይስጡ። ይህ የኃላፊው ድርሻ ነው።

ፈቃዱን ሲያገኝ መጀመሪያ ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ ያሰማሩት። ወደ ጅቡቲ ሲሄድም ነባር ሹፌር ከፊቱ ይንዳ። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ይውረድ፤ የእግር ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከረገጠ ይግልና ይበጥሳል።

የሹፌርነት ደመወዙንና አበሉን ትምህርቱ ሲጀመር በጽሑፍ ያሳውቁት። ይህ ካልሆነ ፈቃዱን ባወጣ ማግስት ሌላ ድርጅት ይወስደዋል።